ወርቁ ከወጣ በኋላ ሰሙ ምን ይሆናል?

በእኛ ዘንድ «ሰምና ወርቅ» ሲባል ወርቁ የእውነት ወርቅ አይደለም። አንጥረኛው በሰም የቀረጸውን ጌጥ በጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት አቅልጦ ሰሙን ያወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። የቅኔ መምህራንም ስሙን ከዚሁ ተውሰው የላይኛውን ትርጉም «ሰም»፣ የውስጠኛውን «ወርቅ» አሉት። ምሳሌ ነው። ምሳሌው ቃል በቃል ሲፈጸም ምን እንደሚመስል ማየት ለሚሻ ግን በ1979 ለንደን ላይ የታተመ አንድ የሥዕል መጽሐፍ አለለት (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ርዕሱ «ማስከሬድ» ነው፤ የጭንብል ጨዋታ እንደማለት። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወርቁ 18 ካራት የሆነ እውነተኛ ወርቅ ነበር። የተቀበረውም እንግሊዝ አገር መሬት ውስጥ ነው።

ሠዓሊውና ደራሲው ኪት ዊሊያምስ ይባላል። ቶም ማሽለር የተባለው አሳታሚ ከዚህ በፊት ማንም ሠርቶት የማያውቅ ዓይነት የሥዕል መጽሐፍ እንዲሠራ ሲገፋፋው ዊሊያምስን ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። ሰው የሥዕል መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ ያደርግና ያስቀምጠዋል። እንዳያስቀምጠው ምን ይደረግ? 15 ሥዕሎች ሣለ። በየሥዕሉ ውስጥ አንዲት ጥንቸል ሸሸገ፤ በየሥዕሉም ዙሪያ እንደ ጥልፍ ፊደላት ደረደረ። ጨረቃ ለፀሐይ የላከችውን ጌጥ ተሸክማ ስለምትሮጥ ጥንቸልም ተረት ጻፈ። ከዚያም ቁጭ ብሎ የወርቅ ጥንቸል በእጁ ሠራ። በነሐሴ 1979 አንድ ሌሊት፣ ባምበር ጋስኮይን የተባለውን ዝነኛ የቴሌቪዥን አቅራቢ ምስክር አድርጎ ጥንቸሏን በሸክላ ዕቃ ውስጥ ከትቶ ቀበራት። ሸክላ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብረት በሚጠቁም መሣሪያ እንዳትገኝ ነው። ወርቁ የሚገኘው በንባብ ብቻ ይሁን ማለቱ ነበር።

መጽሐፉ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ሰዉም አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። የመንግሥት መናፈሻ ተቆፈረ፤ የግለሰብ ጓሮ ተቆፈረ። በግሎስተርሸር አውራጃ ሔርስፊልድ የሚባል ኮረብታ አለ፤ «ሔር» በእንግሊዝኛ ጥንቸል ስለሆነ ብቻ ፈላጊዎች ወረሩት። በመጨረሻም ጥንቸሏ እዚህ አይደለችም የሚል ሰሌዳ ተተከለ፤ የሰሌዳውንም ወጪ የከፈለው ዊሊያምስ ራሱ ነበር። በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ደራሲ «እዚህ ቦታ ትርጉም የለም» ብሎ ሰሌዳ ያስተከለበት ሌላ አጋጣሚ ትዝ አይለኝም።

እነዚህን አንባቢዎች ሞኞች ናቸው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሥራቸው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የትርጓሜ መምህራን «አንድም» ብለው ይጀምሩና ሌላ «አንድም» ይጨምሩበታል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አቅፎ ይቀመጣል። የእንግሊዝ ፈላጊዎችም ያለ መምህር አንድምታ አወረዱ። አንዱ በቀለሙ፣ አንዱ በቁጥሩ፣ ሌላው በአገሩ ካርታ ፈታው፤ እያንዳንዱም የሚያጸናለት ማስረጃ ከሥዕሎቹ ውስጥ አላጣም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በአንድምታ ቤት ብዙው ትርጉም ሀብት ነው። ጉድጓድ አፍ ላይ ግን አንዱ ትርጉም ብቻ ይቆምና የቀረው ሁሉ ባዶ አፈር ይሆናል። ዳኛው አካፋ ነው፤ አካፋም «አንድም» አያውቅም።

መፍትሔው ምን ነበር? በየሥዕሉ ያለውን ፍጡር ዓይን ይዞ፣ ከዓይኑ በረጅሙ ጣቱ ጫፍ በኩል ቀጥ ያለ መስመር ሲሰመር በዳር ካሉት ፊደላት አንዱን ይነካል። በእግሩ ጣትም እንዲሁ። እንዲህ እየተለቀመ ከየሥዕሉ ቃል ይወጣል፤ ቃላቱ ሲሰካኩም በአምፕትሂል መናፈሻ የቆመው የካትሪን መስቀል ጥላ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት በእኩለ ቀን ጫፉ የሚያርፍበትን ቦታ ያመለክታሉ። የየሐረጉ የመጀመሪያ ፊደል ተገጣጥሞ ደግሞ የቦታውን ስም ይናገራል።

ከዚህ ውስጥ የማደንቀውም የምነቅፈውም አለ። ካትሪን የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመጀመሪያ ሚስት ናት፤ ጋብቻዋ ሲፈርስ በአምፕትሂል ቤተ መንግሥት ትኖር ነበር። የተጣለች ንግሥት በዓመት ሁለት ቀን በጥላ ጣቷ መሬት ላይ ታመለክታለች፤ ያመለከተችውም ቦታ ወርቅ አለበት። ይህ እውነተኛ ግጥም ነው፤ ከመጽሐፉ ተረት ሁሉ ይበልጣል። ወደዚህ ግጥም የሚያደርሰው መንገድ ግን ማስመሪያ ነው። ሥዕሎቹ በጥቁርና ነጭ ቢታተሙ መፍትሔው አይጎድልም። የሣሩ አረንጓዴነት፣ የሰዎቹ ፊት፣ የዊሊያምስ ትዕግሥት ያረፈበት ቅጠልና ላባ ሁሉ ቢደመሰስ ዓይንና ጣት እስካሉ ድረስ ወርቁ ይገኛል። ሰው ሥዕሉን ቆም ብሎ እንዲያይለት ያጠመደው ወጥመድ ሥዕሉን እንዳያይ አደረገው።

ወርቁን ማን እንዳገኘው ስናይ ነገሩ ይብሳል። በ1982 መጀመሪያ ኬን ቶማስ ነኝ ያለ ሰው ትክክለኛውን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ ላከ፤ ቆፍሮም ጥንቸሏን ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት የፊዚክስ መምህራን ሙሉውን ፍቺ ልከው ደራሲው ዘንድ ደረሰ። ዘግይተዋል። በታኅሣሥ 1988 «ሰንደይ ታይምስ» ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። ቶማስ የተባለው ሰው ስሙም ቶማስ አልነበረም፤ እንቆቅልሹንም አልፈታም። የሥራ ሸሪኩ ቀድሞ ከዊሊያምስ ጋር ትኖር ከነበረች ሴት ጋር ይኖር ነበር፤ የአካባቢው ፍንጭ የወጣው በዚያ በኩል ነው። ጥንቸሏ እስከዚያ ድረስ ለአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሽልማት ተብላ ቀርባ ነበር፤ ጨዋታውን የፈታ አልተገኘም፤ ድርጅቱም ከሰረ። በዚያው በታኅሣሥ 1988 በሶዝቢ ጨረታ በ31,900 ፓውንድ ተሸጠች።

እንግዲህ ያነበቡት መምህራን ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ያላነበበው ወሰደ። ይህን ሌብነት ብቻ ብዬ አላልፈውም። መልሱ አንድ ብቻ የሆነ፣ ያም መልስ በሌላ ሰው ጆሮ ሊንሾካሾክ የሚችል ጽሑፍ፣ አንባቢ የግድ አያስፈልገውም። ጥሩ ቅኔ ወርቁ ቢነገርህም ገና አልተፈታልህም፤ ሰሙ እንዴት ወርቁን እንደሸከመ ራስህ ማየት አለብህና። የዊሊያምስን ምስጢር ግን ሹክ ያሉት ሰው ሥዕሎቹን ሳይገልጥ ዶማውን ይዞ መሄድ ይችላል።

የ«ማስከሬድ» ዝና ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ባይረን ፕራይስ የተባለ አሳታሚ በ1982 «ዘ ሲክሬት» የተሰኘውን መጽሐፍ አወጣ፤ «ምስጢሩ» እንበለው። ፕራይስ በሰሜን አሜሪካ 12 ቦታዎች ላይ 12 የሸክላ ሣጥኖች በድብቅ ቀበረ፤ በየሣጥኑ ውስጥ በዕንቁ የሚለወጥ ቁልፍ አለ። መጽሐፉ 12 ሥዕሎችና 12 ግጥሞች ይዟል፤ የትኛው ግጥም ለየትኛው ሥዕል እንደሆነ ግን አይናገርም። ሥዕሎቹን የሣለው ጆን ጁድ ፓለንካር ነው። ታሪኩ ከአሮጌው ዓለም ስደተኞች ጋር አብረው ስለተሰደዱ መናፍስት ያወራል፤ እያንዳንዱም ዕንቁ ከአንድ ሕዝብ አገር የመጣ ነው ይላል። ስደትንና መሬትን ያያያዘው ይህ ሐሳብ ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ በቀልድ ተሞልቶ ባከነ።

ግጥሞቹን በግጥምነታቸው ብቻ ብንመዝናቸው ደካሞች ናቸው፤ ቤት የሚመታውም የማይመታውም ተደባልቋል፤ ስሜት የላቸውም። የቆሙት መሬት ላይ ሲወስዷቸው ግን ነፍስ ይዘራባቸዋል። አንደኛው ግጥም የጥንት ግሪኮችን ስም ያለ ምንም ማብራሪያ ይደረድራል፤ ወረቀት ላይ ሲነበብ የትምህርት ቤት የስም ጥሪ ይመስላል። ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ በግሪኮች የአትክልት ሥፍራ ግን እነዚያው ስሞች በድንጋይ ላይ ተቀርጸው ቆመዋል። በ2004 ሁለት ሰዎች ግንቡ ሥር ቆፍረው ሣጥኑን አወጡ። ከዚያ በፊት በ1983 ሦስት ወጣቶች ቺካጎ ከሚገኘው ግራንት ፓርክ የመጀመሪያውን አውጥተው ነበር። ግጥሙ ያጎደለውን ቦታው ሞላው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሙሉ ግጥም ለማለት ይከብደኛል፤ ግማሹ በከተማው የተጻፈ፣ ግማሹ በመጽሐፉ የታተመ ነው።

ከተማ ደግሞ አይታመንም። ዛፍ ይቆረጣል፤ አጥር ይፈርሳል፤ ሐውልት ይዛወራል። በ1982 የተጻፈ ስንኝ ያመለከተው ዛፍ ከወደቀ ስንኙ ተሳስቷል? አልተሳሳተም፤ ግን ከእንግዲህ የሚያነበው የለም። በ2019 ቦስተን ውስጥ ሦስተኛው ሣጥን የተገኘው አንድ መናፈሻ ሲታደስ፣ በቁፋሮ መሣሪያ እየታረሰ ሳለ ነው። የፈታው ሰው ቦታውን አስቀድሞ ደርሶበት ሠራተኞቹ ዓይናቸውን እንዲጥሉ ባይለምን ኖሮ ሣጥኑ ከፍርስራሹ ጋር ተጠርጎ ይሄድ ነበር። ሌሎቹ ዘጠኝ ሣጥኖች አልተገኙም። ከመካከላቸው በአስፋልት ሥር የቀረ እንዳለ ማን ያውቃል?

የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ባይረን ፕራይስ በ2005 በመኪና አደጋ ሞተ። መልሶቹን ለማንም አልተወም። ሠዓሊው ፓለንካር እንኳ ቦታዎቹን አያውቅም፤ ፕራይስ ያቀበለውን ቅርጽ በሥዕሎቹ ውስጥ አስገባ እንጂ ለምን እንደሚያስገባ አልተነገረውም። የራሱን ሰም ቀርጾ ወርቁን ያላየ ሠዓሊ ነው። ሆኖም ዛሬ መጽሐፉን ስገልጥ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ሥራ ላይ ነው። ጨለማ የለበሱ ፊቶች፣ ከአበባና ከድንጋይ የተሠሩ አካላት፣ የሰው ይሁን የዛፍ ያልለየ እጅ። ከተማው ቢፈርስ እነዚህ አይፈርሱም።

በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት ሕግ ነበረን። «እንቆቅልሽ» ይላል ጠያቂው፤ «ምን አውቅልህ» ይላል ተጠያቂው። መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ የተሸነፈው አገር ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ እንዳሻው ከተሳደበና ከፎከረ በኋላ መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። አገር ወስዶ መልስ የሚነፍግ ልጅ ከጨዋታው ይባረራል። የፕራይስ አንባቢዎች ከ40 ዓመት በላይ አገር ሲሰጡ ኖረዋል፤ ሳን ፍራንሲስኮን ሰጡ፣ ኒው ኦርሊንስን ሰጡ፣ ሞንትሪያልንም ሰጡ። የሚቀበል የለም። ሞት የማንም ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን መልስ አለው ብሎ እንቆቅልሽ የሸጠ ሰው መልሱን በታሸገ ፖስታ አንድ ቦታ ማኖር ነበረበት። ይህ የሥነ ጥበብ ጉዳይ ሳይሆን የዕዳ ጉዳይ ነው። ሰዎች ጋብቻቸውን፣ ገንዘባቸውን፣ ዕድሜያቸውን የሚያፈሱበት ነገር ነውና። በ2010 ፎረስት ፌን የተባለ አሜሪካዊ በአንድ ግጥም ፍንጩን ሰጥቶ በተራራ ውስጥ የደበቀው ሣጥን በ2020 እስኪገኝ ድረስ በፍለጋው የሞቱ ሰዎች አሉ።

አንዳንዶች ፕራይስ መልሱን ይዞ በመሞቱ መጽሐፉ ሕያው ሆነ ይላሉ፤ ቅኔ ሆነ፤ ማለቂያ የሌለው አንድምታ ሆነ። እኔ አልስማማም። መልስ የጠፋበት ጥያቄና ብዙ መልስ ያለው ጥያቄ አንድ አይደሉም።

ዊሊያምስ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ያደረገው ነገር ይገርመኛል። በ1984 ሌላ የሥዕል መጽሐፍ አወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ርዕስ የለውም። አንባቢው ርዕሱን ከሥዕሎቹ ፈልጎ እንዲያገኝ ነው የተፈለገው፤ መልሱንም ሲልክ አንዲት ፊደል መጻፍ አይፈቀድለትም። ፈጥሮ ማሳየት አለበት። የጊዜው ገደብ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ መልሱ ይነገራል። የሚቆፈር መሬት የለም፤ ሹክ ቢባል እንኳ መልሱን የሚሠራው ያው አንባቢው ነው፤ እጁ የሌለበት ሰው አያሸንፍም። ቀኑ ሲደርስ ርዕሱ ተገለጸ፦ «ንቧ በማር እንጀራዋ ላይ»። ማር እንጀራ የሚሠራው ከሰም መሆኑን ዊሊያምስ ስለ እኛ ቅኔ ሰምቶ እንዳላሰበው የታወቀ ነው። ይህን ሁለተኛ መጽሐፍ ዛሬ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው፤ የወርቅ ጥንቸሏ ዝና ሸፍኖታል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ግን ይህንን እወስዳለሁ።