ቢሲኤል-2፦ የህዋስን ሞት የሚያግደው ፕሮቲንና የካንሰር ትርጉም

ቢሲኤል-2 በሰው ህዋሳት ውስጥ የሚገኝ፣ ህዋሱ በራሱ አሠራር ሊሞት ሲል ሞቱን የሚያግድ ፕሮቲን ነው። የተሠራው ከ239 አሚኖ አሲዶች ሲሆን፣ ጂኑ የሚገኘው በ18ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ነው። ፕሮቲኑ በጅራቱ በኩል የማይቶኮንድሪያን ውጫዊ ሽፋን ይዞ ይቀመጣል፤ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና በኒውክሊየስ ሽፋን ላይም ይታያል። ህዋስን አያባዛም፤ የተጎዳውንም አይጠግንም። ዋና ሥራው የሞትን ሂደት የሚያስጀምሩትን ሌሎች ፕሮቲኖች ይዞ ማቆየት ነው። ሥራው ጠባብ ይምሰል እንጂ፣ ካንሰር ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ የሚያስረዳውን ትምህርት ከመሠረቱ የለወጠው እሱ ነው።

ህዋስ በሁለት መንገድ ይሞታል። አንደኛው በቃጠሎ፣ በመርዝ ወይም በደም መቋረጥ የሚመጣው ድንገተኛ ሞት ነው፤ ህዋሱ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ አካባቢውንም ያስቆጣል። ሁለተኛው ህዋሱ ራሱ የሚፈጽመው ሥርዓት ያለው ሞት ነው። ህዋሱ ይኮማተራል፣ ኒውክሊየሱ ይጨማደዳል፣ ከዚያም በሽፋን ወደተጠቀለሉ ትንንሽ ክፍልፋዮች ተበታትኖ በጎረቤት ህዋሳት ይዋጣል። ጆን ኬር፣ አንድሪው ዋይሊና አለስቴር ከሪ ይህን ሁለተኛውን ሞት እ.ኤ.አ. በ1972 በዝርዝር ገልጸው አፖፕቶሲስ የሚል ስም ሰጡት። ጽንስ በማህፀን ሳለ ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ህዋሳት በዚህ መንገድ ስለሚሞቱ ነው። የገዛ አካልን ሊያጠቁ የሚችሉ ብዙ የበሽታ መከላከያ ህዋሳት የሚወገዱትም እንዲሁ ነው። ሆኖም ሞቱን የሚመሩት ጂኖች ስላልታወቁ፣ ግኝቱ ከአሥር ዓመት በላይ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ክስተት ከመሆን አላለፈም።

ቢሲኤል-2 የተገኘው ግን ሞትን በመመርመር ሳይሆን ካንሰርን በመከታተል ነው። ፎሊኩላር ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች በ85 በመቶ ገደማው የካንሰር ህዋሳት ውስጥ፣ የ14ኛውና የ18ኛው ክሮሞዞም ቁርጥራጮች ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። በፊላደልፊያ ዊስታር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ዮሺሂዴ ትሱጂሞቶና ካርሎ ክሮቼ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመሰበሪያውን ቦታ በ1984 ለይተው አወጡ፤ በዚያው ቦታ የተቀመጠውንም ጂን አገኙ። በ14ኛው ክሮሞዞም ላይ ፀረ እንግዳ አካልን ለመሥራት የሚያገለግል ጂን አለ፤ ቢ-ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ህዋሳት ይህን ጂን ያለማቋረጥ በከፍተኛ ኃይል ያሠሩታል። የቢሲኤል-2 ጂን ተዛውሮ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ የጎረቤቱ ማንቀሳቀሻ እሱንም ያንቀሳቅሰዋል፣ ፕሮቲኑም ከልክ በላይ ይመረታል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው በሽታውን የሚያስጀምረው የፕሮቲኑ ቅርጽ መበላሸት አለመሆኑን ነው፤ ጤነኛው ፕሮቲን በማይገባው ጊዜና መጠን መገኘቱ ይበቃል።

ጂኑ ተገኘ፤ ሥራው ግን አልታወቀም። እስከዚያ ድረስ የታወቁት ካንሰር አምጪ ጂኖች፣ እነ ራስና እነ ሚክ፣ ህዋስን ወደ መባዛት የሚገፉ ስለነበሩ ቢሲኤል-2ም ከእነሱ እንደ አንዱ ተገምቶ ነበር። ግምቱን ያፈረሰው በሜልበርን ዋልተርና ኤሊዛ ሆል ኢንስቲትዩት የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ዴቪድ ቮክስ ከሱዛን ኮሪና ከጄሪ አዳምስ ጋር በ1988 ያሳተመው ሥራ ነው። ለሙከራው የተመረጡት ኢንተርሉኪን-3 የሚባለው የእድገት አነቃቂ ሲቋረጥባቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሞቱ የአይጥ የደም ህዋሳት ነበሩ። ቢሲኤል-2 የገባባቸው ህዋሳት አነቃቂው ሲቋረጥ አልሞቱም። ነገር ግን አልተባዙምም። መከፋፈላቸውን አቁመው በሕይወት ቆዩ፤ አነቃቂው ሲመለስላቸውም እድገታቸውን ቀጠሉ።

የዚህ ሙከራ ክብደት ዛሬም በቂ ትኩረት አያገኝም። ተመራማሪዎቹ የቆጠሩት የህዋሳቱን መብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ባዶ ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም አነቃቂው በሌለበት የህዋሱ ቁጥር አልጨመረም። ጥያቄው ወደ መኖርና አለመኖር ሲዞር ግን ያ ባዶ የሚመስለው ውጤት አዲስ የካንሰር አምጪ ጂኖች ወገን መኖሩን ገለጠ። የህዋስ መኖርና የህዋስ መባዛት በተለያዩ መንገዶች የሚመሩ ሁለት ጉዳዮች መሆናቸው ታወቀ። እጢ ብዙ በመወለድ ብቻ ሳይሆን ባለመሞትም ሊከማች ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል፦ ሚክ ብቻውን ህዋስን ሲያባዛ ወደ ሞትም ይገፋዋል፤ ቢሲኤል-2 ያንን ሞት ሲያግድለት መባዛቱ ያለ ገደብ ይቀጥላል።

በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ስታንሊ ኮርስማየርና ባልደረቦቹ ይህን በሕያው እንስሳ ላይ አሳዩ። ቢ-ሊምፎሳይቶቻቸው ቢሲኤል-2ን አብዝተው እንዲሠሩ የተደረጉ አይጦች ወዲያው ካንሰር አልያዛቸውም። መጀመሪያ የታየባቸው የማይከፋፈሉ፣ ነገር ግን ዕድሜያቸው የረዘመ ህዋሳት ክምችት ነበር። አደገኛው ሊምፎማ የመጣው ከብዙ ወራት በኋላ በጥቂቶቹ ላይ ሲሆን፣ ከእነዚህም በግማሽ ያህሉ ህዋሳት ውስጥ የሚክ ጂን ተጨማሪ ለውጥ ደርሶበት ተገኘ። በሰው ላይ የሚታየውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ፎሊኩላር ሊምፎማ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት በዝግታ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ያው የክሮሞዞም ልውውጥ ያለባቸው ጥቂት ህዋሳት ሊምፎማ በሌለባቸው ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥም ይገኛሉ። ቢሲኤል-2 ለህዋሱ የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌሎች ጉዳቶች የመከማቸት ዕድል ያገኛሉ።

ፕሮቲኑ ለካንሰር ብቻ የቆመ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። በ1993 ጂኑ ጨርሶ የጠፋባቸው አይጦች በሕይወት ቢወለዱም ሊምፎሳይቶቻቸው ከጊዜ በኋላ አለቁ፣ ኩላሊታቸው በፈሳሽ ከረጢቶች ተሞላ፣ ጸጉራቸውም ሸበተ።

ጥናቱ ከሰውና ከአይጥ አልፎ ወደ አንዲት ሚሊሜትር ገደማ ርዝመት ወዳላት ትል መድረሱ ሌላው አስደናቂ ምዕራፍ ነው። ሲ. ኤሌጋንስ የተባለችው ይህች ትል ስታድግ ከምታፈራቸው 1090 የአካል ህዋሳት ውስጥ 131ዱ በታወቀ ሰዓትና ቦታ ይሞታሉ። በ1992 ቮክስና ባልደረቦቹ የሰውን ቢሲኤል-2 በትሏ ውስጥ ሲያስገቡ ሊሞቱ ከሚገባቸው ህዋሳት ከፊሎቹ ተረፉ። በ1994 ማይክል ሄንጋርትነርና ሮበርት ሆርቪትዝ ሴድ-9 የሚባለው የትሏ ህዋስ አዳኝ ጂን የቢሲኤል-2 ዘመድ መሆኑን አረጋገጡ። የሰውና የትል የዘር ሐረግ ከተለያየ ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በኋላም የሞት ሥርዓቱ መሠረት አለመለወጡ ተገለጠ። ሆርቪትዝ ከሲድኒ ብሬነርና ከጆን ሰልስተን ጋር የ2002ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተቀበለው በዚሁ የትል ጥናት ነው።

ፕሮቲኑ ሞትን የሚያግደው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ ለመልስ ብዙ ዓመታት ወስዷል። በአንድ ወቅት በህዋስ ውስጥ የሚፈጠሩ ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችን ያመክናል የሚል ሐሳብ ሰፊ ተቀባይነት ነበረው፤ ዋናው መልስ ግን ያ አልሆነም። መልሱ ወደ ዘመዶቹ ወሰደ። በ1993 የኮርስማየር ቡድን ከቢሲኤል-2 ጋር ተጣብቆ የሚገኘውን ባክስ አገኘ፤ በቅርጹ የቅርብ ዘመድ ሲሆን በሥራው ግን ተቃራኒ፣ ማለትም ገዳይ ነው። ባክስና ባክ የተባለው አቻው ሲነቁ በማይቶኮንድሪያ ውጫዊ ሽፋን ላይ ተሰባስበው ቀዳዳ ይከፍታሉ። በቀዳዳው ሳይቶክሮም ሲ ይወጣል። ይህ ሞለኪውል በውስጥ ሳለ ለህዋሱ ኃይል በማመንጨት ሥራ ላይ የሚያገለግል ነው፤ በውጭ ግን አፓፍ-1 ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ይገናኛል። ሰባት አፓፍ-1ዎች በክብ ተያይዘው ካስፔዝ-9 የተባለውን ፕሮቲን ያነቃሉ፣ እሱም ህዋሱን ከውስጥ የሚቆራርጡትን ሌሎች ካስፔዞች ያስነሳል። ለኑሮ የሚሠራው ሞለኪውል በቦታ ለውጥ ብቻ የሞት መልእክተኛ መሆኑን የሺያዎዶንግ ዋንግ ቤተ ሙከራ በ1996 ሲያሳውቅ ብዙዎች ለማመን ተቸግረው ነበር።

ከገዳዮቹ በላይ ደግሞ ቀስቃሾች አሉ፦ ቢም፣ ፑማ፣ ባድ፣ ኖክሳና ሌሎች። እያንዳንዳቸው የተለየ ችግር ያሳውቃሉ። የዲኤንኤ ጉዳት ሲደርስ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ፑማንና ኖክሳን ያስመርታል፤ የእድገት አነቃቂ ሲቋረጥ ቢም ይበዛል። ቢሲኤል-2 በገጹ ላይ ጎድጓዳ ቦይ አለው፤ ቀስቃሾቹም ሆኑ የነቁት ገዳዮች ቢኤች3 የተባለውን አጭር ክፍላቸውን በዚህ ቦይ ውስጥ ሲያስገቡ ተይዘው ይቀራሉ። ቦዩ ሁሉ ከተያዘ በኋላ የሚመጣ ተጨማሪ ቀስቃሽ ግን የሚያግደው አያገኝም። ስለዚህ የህዋሱ ዕጣ የሚወሰነው በቢሲኤል-2 ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከቦዩ ውስጥ ምን ያህሉ ባዶ፣ ምን ያህሉ የተያዘ በመሆኑ ነው።

ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ፕሮቲኑ በደፈናው የህዋስ አዳኝ ተብሎ ይታለፋል። በቢሲኤል-2 የተሞላ አንድ የሉኪሚያ ህዋስ ጠንካራ ሊመስል ይችላል። ቦዩ በቢም ከተሞላ ግን ያ ህዋስ በሞት አፋፍ ላይ የቆመ ነው፤ በሕይወት የያዘው አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው። በጡት ካንሰር የቢሲኤል-2 መገኘት በአብዛኛው የተሻለ ተስፋ ምልክት ሆኖ መታየቱም በብዛትና በክፋት መካከል ቀጥተኛ ግንኙነት እንደሌለ ያሳያል። በፓቶሎጂ ክፍል ግን የፕሮቲኑ መኖር ራሱ ግልጽ አገልግሎት አለው። በጤነኛ ንፍፊት ጀርሚናል ሴንተር ያሉ ቢ-ህዋሳት በወጉ ቢሲኤል-2 የላቸውም፣ ምክንያቱም ብቁ ያልሆኑት እዚያ እንዲሞቱ ይፈለጋል። እነዚህ ህዋሳት በምርመራ ቀለም ቢሲኤል-2 ካሳዩ ነገሩ ተራ እብጠት ሳይሆን ፎሊኩላር ሊምፎማ የመሆኑ ማስረጃ ይጠነክራል።

ቦዩን በመድኃኒት የመሙላት ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ አፈጻጸሙ ግን ጂኑ ከተገኘ ሠላሳ ዓመት ገደማ ወስዷል። ሁለት ፕሮቲኖች የሚገናኙበት ገጽ ሰፊ በመሆኑ በትንሽ ሞለኪውል ሊዘጋ አይችልም የሚል እምነት ነበር። በአቦት ኩባንያ የቢሲኤል-ኤክስኤል፣ ማለትም የቢሲኤል-2 የቅርብ ዘመድ፣ ቅርጽ በ1996 ከታወቀ በኋላ የተጀመረው ሥራ በ2005 ኤቢቲ-737 የተባለውን ሞለኪውል አስገኘ። ቀጥሎ የመጣውና በአፍ የሚወሰደው ናቪቶክላክስ የካንሰር ህዋሳትን ቢገድልም ከባድ እንቅፋት ገጠመው። ፕሌትሌቶች፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ቅንጣቶች፣ ዕድሜያቸው በቢሲኤል-ኤክስኤል ላይ የተመካ ስለሆነ መድኃኒቱ ቁጥራቸውን አሳነሰው። በ2013 የቀረበው ቬኔቶክላክስ ቢሲኤል-2ን ለይቶ የሚይዝ፣ ቢሲኤል-ኤክስኤልን በአብዛኛው የሚተው ሆኖ ተሠራ። በ2016 የታተመው የመጀመሪያ የሰው ሙከራ ውጤት እንደሚያሳየው፣ ሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ካገረሸባቸው ወይም ቀድሞ የተሰጣቸው ሕክምና ካልሠራላቸው 116 ታማሚዎች 79 በመቶዎቹ ምላሽ ሰጡ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። ህዋሳቱ በጅምላና በፍጥነት ስለሚሞቱ ከውስጣቸው የሚፈሰው ፖታሲየምና ዩሪክ አሲድ ኩላሊትንና ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከ20 ሚሊግራም ተጀምሮ በአምስት ሳምንት ወደ 400 ሚሊግራም ያድጋል። በአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ ደግሞ ጠንካራውን ኬሞቴራፒ የማይችሉ ታማሚዎች ቬኔቶክላክስን ከአዛሲቲዲን ጋር ሲወስዱ መካከለኛው የመኖር ጊዜ ከ9.6 ወደ 14.7 ወር ከፍ አለ።

ፕሮቲኑ መጀመሪያ የተገኘበት ፎሊኩላር ሊምፎማ ግን ለመድኃኒቱ ያን ያህል አልተበገረም፤ በመጀመሪያው ሙከራ ብቻውን ሲሰጥ ምላሽ የሰጡት 38 በመቶ ያህሉ ነበሩ። በዚህ በሽታ ቢሲኤል-2 ቢበዛም የህዋሱ ሕይወት በእሱ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም፤ ኤምሲኤል-1ን የመሰሉ ሌሎች ዘመዶቹ ቦታውን ይተካሉ። ኤምሲኤል-1ን የሚዘጉ መድኃኒቶችም ተሞክረዋል፤ ፕሮቲኑ ለልብ ጡንቻ አስፈላጊ በመሆኑ ግን በአንዳንዶቹ ሙከራዎች ልብ የመጎዳት ምልክት ታይቶ ሥራው አዝግሟል። በ2019 የሜልበርን ተመራማሪዎች ቬኔቶክላክስን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ታማሚዎች ላይ ሌላ ማምለጫ አገኙ፦ በቢሲኤል-2 በ101ኛው ቦታ ላይ ያለው ግላይሲን በቫሊን ተተክቶ የቦዩን ቅርጽ በመጠኑ ይለውጣል፤ መድኃኒቱ በደንብ አይያዝም፣ ቢም ግን እንደ ቀድሞው ይያዛል። ለውጡ ብዙውን ጊዜ በአንድ ታማሚ የካንሰር ህዋሳት ውስጥ በከፊሎቹ ላይ ብቻ ስለሚገኝ፣ በአንድ ሰው አካል ውስጥ በርካታ ማምለጫዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ መድኃኒቱን ያለማቋረጥ ከመስጠት ይልቅ ቢ-ህዋስን ከሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣምሮ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ብቻ የመስጠት አሠራር ተስፋፍቷል። ሕክምናው ካበቃ በኋላ በሽታው ቢመለስም ብዙዎቹ ታማሚዎች ለዚያው መድኃኒት እንደገና ምላሽ ይሰጣሉ።