ጫጩት ዝም ሲል

በቀደም አንድ የሰፈራችን ልጅ ከኮምቦልቻ ጫጩት ሊያመጣ ሲነሣ፣ «እትዬ፣ ደሴ ላይ እንዳይበርዳቸው ካርቶኑን በጋቢ ልጠቅልለው?» አለኝ። ጫጩት ገዝቶ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚፈራው ብርዱን ነው። እኔ የምፈራው ጋቢውን ነው።

ፍርሃቱ ከመንገዱ የመጣ ነው። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደኛ ቁልቁል ነው። ሰው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት እያሰበ ገና ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ እያለ ካርቶኑን ይሸፍናል። የአንድ ቀን ጫጩት የራሱን ሙቀት መጠበቅ እንደማይችል አልክድም፤ ቤት ሲገባ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል። ነገር ግን መቶ የሚይዘው ካርቶን በአራት ተከፍሎ በየክፍሉ 25 የሚገባው በከንቱ አይደለም፤ ተጠጋግተው እርስ በርስ ይሟሟቃሉ። ጎኑና ክዳኑ የተበሳሳውም ለጌጥ አይደለም። ዶሮ አያልበውም፤ የበዛበትን ሙቀት የሚያስወጣው በትንፋሹ ነው። ቀዳዳውን በጋቢ ስትደፍነው ያ ሁሉ ትንፋሽ ወዴት ይሂድ?

የሐይቅ ሰው ዓሣ ማጓጓዝ ያውቅበታል፤ በፌስታል ጥብቅ አድርጎ ቋጥሮ ደሴ ያደርሳል። ዓሣው ግን ሲሳፈር ሞቶ ነው።

ምግቡና ውሃው አያስጨንቅህ። ጫጩት ሲፈለፈል የእንቁላሉን አስኳል በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ለሱ ምንም አይደለም። እንዲያውም ካርቶን ውስጥ ውሃ ያስቀመጠ ሰው ያረጥባቸዋል፤ የረጠበ ጫጩት ነው ብርድ የሚገድለው። ከሥር ጋዜጣ አታንጥፍ፣ ያንሸራትትና እግራቸው ይከፈታል። የጤፍ ጭድ ይበቃል።

ዋናው ጆሮ ነው። የበረደው ጫጩት ይጮኻል፤ ሳያቋርጥ፣ ጆሮ እስኪበሳ። ደህና ሲሆን ቀስ ብሎ ያወራል። የታፈነው ግን አፉን ከፍቶ፣ ክንፉን ከሰውነቱ አርቆ ያለከልካል እንጂ ድምፅ የለውም። አዲስ ሰው ዝም ሲሉ «ተኙልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ ያን ጊዜ ነው ክዳን የማነሣው። ሾፌሩን ቴፑን ቀንስልኝ የምለውም ለዚህ ነው፤ እስካሁን የተቆጣኝ የለም።

ተሳፋሪው ነው የሚያስቸግረው። መስኮት ሲከፈት «ነፋስ መታን!» የማይል ማን አለ? አንዴ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው የተከናነቡ አባት መስኮቱን ካልዘጋሽ ብለው ተቆጡኝ። «አባባ፣ እስቲ እጅዎን ያስገቡ» ብዬ ካርቶኑን አስጠጋሁላቸው። እጃቸውን እንዳስገቡ፣ «ወይ ጉድ፣ ምጣድ ሆኗል እኮ!» ብለው መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱት። ከዚያ እስከ ሐይቅ ድረስ ስለ ሟች ባለቤታቸው ዶሮዎች አጫወቱኝ።

ለእኔም ዶሮ እንዲሁ አይደለም። በትዳር ዘመኔ ማንንም ሳልጠይቅ የማወጣው ገንዘብ የእንቁላል ገንዘብ ብቻ ነበር። የልጆቼ ደብተር የተገዛው በሱ ነው፤ ዕድሬም የተከፈለው በሱ። ጾም ሲገባ ዋጋው ይወርድብኛል፣ ለፋሲካ ይነሣልኛል፤ ዓመቱን የምቆጥረው በዚያ ነበር። ለዚህ ነው አንድ ካርቶን ታፍኖ አለቀ ሲሉኝ የአንዲት ሴት መቀነት የተፈታ የሚመስለኝ።

ልብ በሉ፤ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ስላለ ብዙም አያሰጋም። ጫጩት የሚያልቀው ደሴ መናኸሪያ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ በሩ ተዘግቶ ሲቆም ነው። ስለዚህ ቦታ ያዙ፣ ለረዳቱ ንገሩት፣ ካርቶኑን ይዛችሁ ውረዱና ጥላ ሥር ጠብቁ። ጋቢውን እናንተ ልበሱት።