ከቦሩ ሜዳ እስከ መድረካችን

በዚህ ዓምድ መጽሐፍ ወይም መዝሙር ሲገመገም ማንበብ ለምዳችኋል። ዛሬ የምገመግመው በወረቀት ያልታተመ ነገር ነው፤ ሁላችሁም ሰምታችሁታል፣ በስልክም ተቀባብላችሁታል። ስለ ሀገርና ስለ መንግሥት በየመድረኩ የሚሰበከውን ስብከት ማለቴ ነው። ስብከትም እንደ ድርሰት ነው፤ ጥቅስ ይመርጣል፣ ምሳሌ ያመጣል፣ አንዱን ይጠራል ሌላውን ይዘላል። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ራሱን በመጽሐፍ መርምረውታልና (ሐዋ. 17፥11) ማንም ሰባኪ ቅር ሊለው አይገባም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ቃሉን አጥብቀን እንይዛለን የምንል አማኞች የያዝነው ፖለቲካ ከጌታ ትምህርት ጋር ይገጥማል ወይ?

ጥቅሶቹን እንመልከት። ስለ መንግሥት ሲሰበክ አዘውትረን የምንሰማው ሮሜ 13ን፣ ኢያሱን፣ ዳዊትን፣ ቂሮስን ነው። ሁሉም ቃሉ ነው፤ ጥያቄው አብሯቸው የማይነበበው ምንድን ነው የሚለው ነው። ጳውሎስ ለሮም ሰዎች ሲጽፍ ምዕራፍ አልከፈለም፤ የከፈሉት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ስለ ባለሥልጣናት ከመናገሩ ጥቂት መስመሮች ቀደም ብሎ የሚያወራው የተራበ ጠላትን ስለ ማብላትና ክፉውን በመልካም ስለ ማሸነፍ ነበር። የዘመኑን ገዥም አትርሱ፤ ደብዳቤው ሲጻፍ በሮም ዙፋን ላይ የተቀመጠው ኔሮን ነው። ለኔሮን ግብር መክፈል አንድ ነገር ነው፤ ኔሮንን «የተቀባ» ብሎ ማወደስ ሌላ ነገር ነው። ጳውሎስ የመጀመሪያውን አስተማረ፤ ሁለተኛውን የትም አልጻፈም።

ዳዊትንም ናታንን እየዘለልን (2ሳሙ. 12) ከሰበክነው ግማሽ ዳዊት ነው የምንሰብከው። የናቡቴን የወይን ቦታ ስለ መንግሥት በተሰበከ ስብከት ውስጥ ስንት ጊዜ ሰማችሁ? ከዚያ ታሪክ በሚቀጥለው ምዕራፍ (1ነገ. 22) 400 ነቢያት ለአክዓብ ድልን በአንድ ድምፅ ይተነብዩለታል፤ የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻውን ተቃራኒውን ተናግሮ ወህኒ ይገባል። ከ400ዎቹ በስም የምናውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ሚክያስን በጥፊ በመምታቱ ነው ስሙ የተረፈው።

ወደ ቋንቋው እንምጣ። «እግዚአብሔር ሀገሪቱን ሰጠን» ሲባል ሰምታችኋል። በዚያ ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ማንን ትይዛለች? አዲስ አበባ ላይ በትልቅ አዳራሽ የሚያዳምጥ ሰው ላያስተውላት ይችላል። ከሚሴ ላይ ግን ወዲያው ጆሮ ትገባለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በእኛ ዞን ከ100 ሰው ከ95 በላይ ሙስሊም ነበር። በመላው የአማራ ክልል ወንጌላውያን ከ1000 ሰው 2 ያህል ነበርን። ታዲያ በ«ሰጠን» ውስጥ የደዋ ጨፋ ገበሬ አለበት? የባቲና የአርጡማ ፉርሲ ሰው አለበት? እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ላይ የሚገናኙት አፋር፣ ኦሮሞ፣ አማራና አርጎባ አሉበት? ከሌሉበት፣ ስብከቱ ለእነርሱ የሚነግራቸው ሀገራቸው ለሌላ ሰው እንደ ተሰጠች ነው። ይህን የሰማ ጎረቤት በማግስቱ ወንጌል ስንነግረው በምን ጆሮ ይስማን?

እንዲህ ያለ ቋንቋ ሕግ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ለማየት ሩቅ አንሄድም። በኮምቦልቻ በኩል ወጥታችሁ ደሴን አለፍ ስትሉ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ ሰበሰቡ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲካሄድ የነበረው የሃይማኖት ክርክር ተፈረደ፤ ቀጥሎም የወሎ ሙስሊሞች በተወሰነላቸው ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ራስ፣ ቆይተውም ንጉሥ ሆኑ። እምቢ ያሉ ተሰደዱ፤ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ተቃውሞ መሩ። ብዙዎችም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ።

የንጉሡ ሐሳብ ለመረዳት አይከብድም። ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ከመለሱ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ሀገርን በአንድ ሃይማኖት ማሰር የደኅንነት ጉዳይ መስሎ ታያቸው። ሃይማኖትን በሥልጣን የሚያስከብር ፖለቲካ እንዲህ ያለ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ግን ፍሬው ምን ሆነ? 40 ዓመት ሳይሞላ የራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ «ሰልሟል» ተብለው መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ተሻሩ፤ በጥቅምት ሰገሌ ላይ የወሎና የሸዋ ሠራዊት ተላለቀ። በትእዛዝ የተሰጠው ጥምቀት ቤተሰቡን ከጥርጣሬ እንኳ አላዳነም።

ጎረቤቶቻችን የሚያስታውሱት ሌላም የክርስቲያን ንጉሥ አለ፤ ከ1400 ዓመታት በፊት ከመካ የሸሹትን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች አክሱም ላይ ያስጠጋው ነጃሺ ነው። (በኋላ ሰልሟል ብለው ያምናሉ፤ ያን ክርክር ለታሪክ ምሁራን እተዋለሁ።) የወሎ ሽማግሌ ሁለቱንም ነገሥታት ያውቃቸዋል። ቡና ላይ የትኛውን በደስታ እንደሚያወራላችሁ እስቲ ጠይቁት።

ወንጌላዊው ሉቃስ ይህን ጉዳይ በሚያስደንቅ ቅንብር አስቀምጦታል። ምዕራፍ 9 ላይ አንዲት የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ትላለች። ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ እንዲወርድባት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያለ ጥቅስም አልነበሩም፤ ኤልያስ አድርጎታልና። ጌታ ዘወር ብሎ የገሠጸው ግን መንደርተኞቹን አይደለም፤ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት ነው። ገጹን ስትገልጡ፣ ምዕራፍ 10 ላይ፣ በመንገድ የወደቀውን ቁስለኛ የሚያነሣው ሰው ብቅ ይላል፤ እሱም ሳምራዊ ነው። ትናንት ይቃጠል የተባለው ሕዝብ በሚቀጥለው ምዕራፍ የባልንጀራነት ምሳሌ ሆኖ ቀረበ። ሁለቱን ምዕራፎች ለያይተን ስለምንሰብካቸው ይህ ንባብ ያመልጠናል።

እኛ ወንጌላውያን ደግሞ እሳት ከሚለመንባቸው ወገን ነበርን። «መጤ» ተብለናል። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ጠይቃ ተከለከለች፤ በ1964 ክረምት በመቶዎች የሚቆጠሩ አማኞቿ አዲስ አበባ ላይ ከጸሎት ተይዘው ታሰሩ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ሬሳ ይዘው የመቃብር ቦታ ያጡ ቤተሰቦችን ታላላቆቻችሁ ያስታውሷቸዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠየቅነው የወንጌላውያን መንግሥት አልነበረም፤ በሰላም ማምለክና ሙታናችንን መቅበር ነበር። ይህን ጥያቄ ብቻችንን አልጠየቅነውም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ዛሬ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየ። በ2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ 1207፣ ለወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ 1208 ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ። ቁጥሮቹን ልብ በሉ፤ የእነርሱና የእኛ ነጻነት ተከታትለው በአንድ በር ነው የገቡት።

ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር የተቀመጡት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝም ሆኑ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ድሮ «ጴንጤ» እየተባሉ ከሚሰደቡት ወገን የመጡ ናቸው። አማኝ ሥልጣን መያዙን አልነቅፍም፤ ዮሴፍም ይዟል። የምነቅፈው የእኛን ድምፅ መለወጥ ነው። ነጻነት ይለምን የነበረ አንደበት ድርሻ መቁጠር ጀምሯል።

ማቴዎስ 7፥12ን እንደ ፖለቲካ መመሪያ እንሞክረው። ከሚሴ ላይ ጥቂቶች ነን። ስለ አምልኮ ቦታና ስለ መቃብር መሬት ማመልከቻ ስንጽፍ ሹሙ ብዛታችንን ሳይሆን ዜግነታችንን አይቶ እንዲፈርድልን እንፈልጋለን። አሁን ወደ ደቡብ እንሻገር። በዚያው በ1999 ቆጠራ በያኔው የደቡብ ክልል ከግማሽ በላይ ሕዝብ ወንጌላዊ ነበር። ሆሳዕና ወይም ወላይታ ሶዶ ላይ ሹሙም ዳኛውም የእኛ ወንድም ሊሆን ይችላል። እዚያ ጥቂት ሙስሊሞች ለመስጊድ ቦታ፣ ጥቂት ኦርቶዶክሶች ለጥምቀት በዓል ሜዳ ሲጠይቁ ምን እንላለን? ከሚሴ ላይ «ሕገ መንግሥቱ ይከበርልን»፣ ሆሳዕና ላይ «ሀገሩ የጌታ ነው» የምንል ከሆነ ፖለቲካችን የቆመው በቃሉ ላይ አይደለም፤ በሕዝብ ቆጠራው ላይ ነው። ይህን ለሆሳዕና ወጣቶች ከእኛ የተሻለ ማን ሊነግራቸው ይችላል? የጥቂትነትን ኑሮ በየቀኑ የምናውቀው እኛ ነን።

ስብከቱ ዝም የሚልበትም አለ። ስለ መጠጥ ቤት፣ ስለ አለባበስ፣ ስለ ዘፈን፣ ከባሕር ማዶ ስለሚገባ ልማድ ድምፁ ከፍ ይላል። በእነዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን መናገሯን አልቃወምም፤ እኔም አስተምራለሁ። ግን ጉዳይ ለማስፈጸም ስለሚከፈለው ጉቦስ? የተፈናቃይ ስንዴ ስለሚሸጠው ሰውስ? በቋንቋው ተለይቶ ከመኪና ስለሚወርደው መንገደኛስ? አሞጽ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እየጾሙ ሠራተኛ ስለሚያስጨንቁ ሰዎች የተናገሩት ለሥነ ምግባር ትምህርት አይሆንም?

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል የሰማችኋቸውን ጸሎቶች አስታውሱ። ለሞቱት ሁሉ ያለቀሱ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ሙታንን በወገን ከፍሎ የሚያለቅስ ጸሎትም ነበር፤ የአንዱን ቤት ቃጠሎ በስም ጠርቶ የሌላውን የሚያልፍ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከሚሴ ሲገባ ደግሞ ከሩቅ የሚተላለፈው ትንቢት ስለ ድል ያወራ ነበር፤ እዚህ ሰው ልጁን አዝሎ በየትኛው መንገድ እንደሚሸሽ ይጨነቅ ነበር። ስብከት ሲመዘን ከየት ቦታ ሆኖ እንደሚናገርም ይመዘናል።

በስልካችሁ የሚገቡትን የአሜሪካ ሰባኪዎች ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ግምገማው ጎደሎ ይሆናል። እዚያ በ1979 እ.ኤ.አ. ጄሪ ፋልዌል የተባለ መጋቢ ሞራል ማጆሪቲ የሚባል ማኅበር አቋቁሞ ወግ አጥባቂ አማኞችን ወደ አንድ ፓርቲ ጎራ አሰለፈ። በ2016ቱ ምርጫ ከ10 ነጭ ወንጌላውያን መራጮች 8 ያህሉ ለዶናልድ ትራምፕ ድምፅ ሰጡ፤ ቂሮስ ያሏቸው ሰባኪዎችም ነበሩ። ይህ ቂሮስ በአማርኛ ሲሰበክም ሰምቻለሁ። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ያው ቂሮስ ግብፅ ግድባችንን እንደምታፈነዳው ሲናገር ዓለም ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስሙ ሲነሣ አልሰማሁም። ስደተኛውን መቀበል፣ ለድሃ መፍረድ በዚያ ፖለቲካ ውስጥ የት እንደ ገቡ ጠይቁ። የሰውን ስብከት ስንተረጉም የሰውን ፓርቲ አብረን እየተረጎምን ነው።

ሞራል ማጆሪቲ በተቋቋመበት በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ቀን 1971፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከሀገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋውን ትተው አልሄዱም። አንዳንዶቻችሁ እስከ አሁን ያልኩትን ሰምታችሁ «እንግዲያው ፖለቲካን ለዓለም መተው ነው» ትሉ ይሆናል፤ ወላጆቻችሁም እንዲህ ሲሉ አድገዋል። ጉዲና ለዚህም መልስ አላቸው። ግንቦት 1 ቀን 1964 በእሳቸው ዋና ጸሐፊነት ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ጽሑፍ የሰውን ነፍስ ከሥጋው ነጥሎ ማገልገልን ይቃወማል፤ ለክሊኒክ ገንዘብ ሰጥቶ ለወንጌል የሚነፍገውን ለጋሽ ይወቅሳል። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ደረቅ ነው፤ ለመሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ አይነበብም። አብዮቱ ሲመጣ ግን የዚያ አስተሳሰብ ፍሬ ታየ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ፍትሕን ደገፈች፤ ለማንኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ታማኝነት አልሰጥም ብላም በጽሑፍ አሳወቀች። ጉዲና ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር የመተባበሪያ ጉባኤ በማቋቋም ሥራም ነበሩበት፤ የራሳቸውን ቤት ብቻ ለማስጠበቅ አልሮጡም።

በየቡድናችሁ ይህን ሞክሩ። ባለፈው ዓመት ስለ ሀገር ከተሰበኩት የምታስታውሷቸውን በወረቀት ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን የተነበበውን ክፍል፣ «እኛ» የተባለው ማን እንደ ነበረ፣ በስሙ የተጠራውንም ኃጢአት ጻፉ። ናታን፣ ናቡቴና የይምላ ልጅ ሚክያስ ስንት ጊዜ እንደ መጡ ቁጠሩ። እኔ ከከሚሴ ወጣቶች ጋር በመጪው ቅዳሜ እጀምራለሁ። ዝርዝራችሁን ከሚቀጥለው ዕትም በፊት ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልን፤ የሰባኪዎችን ስም ግን አትጻፉ።