አንድ ፍላጻ ለብዙ ቀስቶች፤ የሳክስተን ፖፕ የቀስት ፈተና ሲመረመር

የሳክስተን ፖፕ «በቀስትና በፍላጻ ማደን» የተባለው መጽሐፍ በ1923 ዓ.ም. ከታተመ መቶ ዓመት አልፎታል፤ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሆኖም ቀስተኞችም የሕዝቦችን የእጅ ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ድረስ ያነቡታል። መጽሐፉ ይህን ክብር ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ደራሲው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። ከያና ሕዝብ ወገን የያሂ ነገድ የመጨረሻ ሰው የነበረው ኢሺ በነሐሴ 1911 ዓ.ም. በኦሮቪል ከተማ አጠገብ ከተገኘ በኋላ፥ በሳን ፍራንሲስኮ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር እየኖረ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ፥ ፖፕ ሐኪሙም ወዳጁም ደቀ መዝሙሩም ሆነው ቈይተዋል። የቀስት አሠራርን ከአንድ ሊቅ እጅ ተቀብለው ለጽሑፍ ያበቁ ሰው ስለ ሆኑ ምስጋና ይገባቸዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ግን መጽሐፉን በሙሉ ሳይሆን በውስጡ የሚገኘውን አንድ ሰንጠረዥ ነው። ለነገሩ ጥራት ሲባል፥ ከዚህ በታች «ቀስት» የምንለው ደጋኑን፥ «ፍላጻ» የምንለው ከአውታሩ ተለቆ የሚበረውን ነው።

ፖፕ በቤተ መዘክር የተሰበሰቡትን የልዩ ልዩ ሕዝቦች ቀስቶች እያነሡ፥ የእያንዳንዱን የመሳቢያ ኀይል በፓውንድ፥ ፍላጻውን የሰደደበትን ርቀት በያርድ መዘገቡ። ከቍጥሮቹ ጥቂቶቹን እንጥቀስ፤ የዩሮክ ቀስት በ30 ፓውንድ 140 ያርድ፥ የኦሴጅ ቀስት በ40 ፓውንድ 92 ያርድ፥ የሞሃቪ ቀስት በ40 ፓውንድ 110 ያርድ፥ የያና ቀስት በ48 ፓውንድ 205 ያርድ። አንባቢ ይህን ባየ ጊዜ የሚያደርሰው ፍርድ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ያናዎች ብልሃተኞች፥ ኦሴጆች ግን ደካማ ሠራተኞች ነበሩ ይላል። ሰንጠረዡ ስለ ዕቃ የሚናገር መስሎ ስለ ሕዝብ ይፈርዳል። ስለዚህ ፍርዱ በምን ላይ እንደ ቆመ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን ደራሲው ራሳቸው በቅንነት ጽፈውታል። ለፈተናው ሁሉ መለኪያ ሆኖ ያገለገለው ኢሺ ከቀርከሃ የሠራው አንድ ዓይነት ፍላጻ ነበር፤ ርዝመቱ 30 ኢንች፥ ክብደቱ 310 ግሬን፥ ማለት 20 ግራም ያህል፥ ላባውም አጥሮ የተከረከመ ነው። ፖፕ ይህን የመረጡት ከሞከሯቸው ፍላጻዎች ሁሉ አብልጦ ስለ በረረላቸው ነው። ሐሳባቸውም ግልጽ ነው፤ ፍላጻው አንድ ከሆነ፥ የርቀቱ ልዩነት የቀስቱ ልዩነት ብቻ ይሆናል ብለው ነበር። በሌላ ጥናት ቢሆን ይህ መልካም ሥርዓት ነው። በቀስት ነገር ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ፍላጻ እንደ ሚዛን ድንጋይ በማንኛውም ሚዛን ላይ እኩል የሚመዝን ዕቃ ሳይሆን የቀስቱ ግማሽ አካል ነውና።

ይህን ለመረዳት የቀስተኞችን እንቈቅልሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ቀስተኛ ፍላጻውን በቀስቱ ግራ ጐን ያስቀምጣል። አውታሩ ሲለቀቅ ወደ ቀስቱ መካከል ይሮጣል፤ የፍላጻው ራስ ግን ወደ ግራ ያመለከተ ነው። እንዲህ ከሆነ ፍላጻው ወደ ግራ መሄድ ሲገባው ስለ ምን ወደ ዒላማው ይሄዳል? ክላረንስ ሂክማን በ1930ዎቹ በፈጣን የፊልም መሣሪያ ያነሡት ሥዕል መልሱን አሳየ። ፍላጻው በተለቀቀ ጊዜ ይለመጣል፤ በእጀታው ዙሪያ እንደ እባብ ታጥፎ ያልፋል፤ ከዚያም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ይቃናል። ልምጠቱ ከቀስቱ ኀይልና ከእጀታው ስፋት ጋር ከተስማማ እጀታውን ሳይነካ ያልፋል፤ እጅግ ግትር ወይም እጅግ ለስላሳ ከሆነ ግን ጐኑን መትቶ ጅራቱን እያወዛወዘ ይበራል፥ ነፋሱም ፍጥነቱን ይበላዋል።

የክብደትም ነገር እንዲሁ ነው። ፖል ክሎፕስተግ በ1943 ዓ.ም. ስለ ቀስትና ፍላጻ ፊዚክስ ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ ቀስት ሲፈታ ኀይሉን ለፍላጻው ብቻ አይሰጥም፤ የራሱን ክንዶችና አውታሩንም ያንቀሳቅሳል። ፍላጻው በከበደ መጠን የሚደርሰው የኀይል ድርሻ ይበልጣል፤ በቀለለ መጠን ድርሻው ያንሳል። ስለዚህ ክንዱ ቀጭንና ፈጣን የሆነ ቀስት በ310 ግሬን ፍላጻ መልካም ሆኖ ይታያል፤ ከባድ ፍላጻን በቅርብ ርቀት ወደ ትልቅ አውሬ ለመስደድ የተሠራ ወፍራም ቀስት ግን በዚያው ፍላጻ ቢፈተን ጕልበቱ በከንቱ ይቀራል። እንዲሁም 30 ኢንች የሆነ ፍላጻ፥ ያን ያህል ለማይሳብ አጭር ቀስት ትርፍ እንጨት መሸከም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ። በ205 ያርድ የተመሰገነው የያና ቀስት የኢሺ ሕዝብ ቀስት ነው፤ የመለኪያውም ፍላጻ የኢሺ እጅ ሥራ ነው። እንግዲህ ከተፈተኑት ቀስቶች መካከል አንዱ ከገዛ ሠሪው ልማድ ከወጣ ፍላጻ ጋር ቀረበ፤ ሌሎቹ ከባዕድ ፍላጻ ጋር ቀረቡ። ይህ በሌላ ሰው ጫማ እሽቅድምድም እንደ መሮጥ ነው፤ ጫማው ለባለቤቱ እግር ልክ ነው፥ የቀሩት ግን ያነክሳሉ።

ለፖፕ የሚከራከር ሰው፥ «ያ ፍላጻ ከሁሉ ይበልጥ መብረሩ ተመስክሯል፤ ስለዚህ ለማንም ቀስት በደል አልተደረገም» ሊል ይችላል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። ዳሩ ግን ከቀረቡት ፍላጻዎች የተሻለ መሆን አንድ ነገር ነው፤ ለዚያ ቀስት የተስማማ መሆን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም እኔ የኦሴጅ ቀስት ከያና ቀስት ይበልጥ ነበር አልልም። የእንጨቱ እርጅናና ድርቀት፥ የመሳቢያው ርዝመት፥ የክንዱ ክብደት ሁሉ በ92 ያርድ ውስጥ ተደባልቀዋል። የምለው ሰንጠረዡ እነዚህን ምክንያቶች ሊለያያቸው አይችልም፤ ሊለያያቸው የማይችል ሰንጠረዥም ሕዝብን ከሕዝብ ለማበላለጥ ምስክር ሊሆን አይገባውም ነው።

ነቀፋ ብቻውን ስለማይበቃ የተሻለውን መንገድ ማመልከት ይገባል፤ መንገዱንም ዛሬ በረጅም ቀስትና ጫፉ ወደ ፊት በተቈለመመ ቀስት የሚጫወቱ ሰዎች በየቀኑ ይሄዱበታል። እነርሱ ከካርቦን የተሠራ የፍላጻ ዘንግ ይጠቀማሉ። የካርቦን ዘንግ ከእርጥበት የተነሣ አይጣመምም፤ የግትርነቱም መጠን ተለክቶ ይሸጣል። ልኩ እንዲህ ነው፤ ዘንጉ በ28 ኢንች ልዩነት በቆሙ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ይጋደምና በመካከሉ 1.94 ፓውንድ ይንጠለጠልበታል። ግማሽ ኢንች ከጐበጠ 500 ይባላል፤ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ግትር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የቆመ ዘንግ ልክ ነው፤ በበረራ ጊዜ ያለውን ልምጠት የሚወስኑት የዘንጉ ርዝመት፥ የራሱ ክብደትና የቀስቱ ኀይል ናቸው። ስለዚህ ቀስተኛው ላባ ያላቸውንና ላባ የሌላቸውን ፍላጻዎች አንድ ላይ ወደ ዒላማ ይሰዳል። ላባ ያለው ጥፋቱን በላባው ያርማል፤ ላባ የሌለው ግን እውነቱን ይናገራል። ለቀኝ እጅ ቀስተኛ ላባ የሌለው ከሌሎቹ በስተ ግራ ቢተከል ዘንጉ ግትር ነው፤ ከባድ ራስ ይጨመርለታል። በስተ ቀኝ ቢተከል ለስላሳ ነው፤ ራሱ ይቀለላል ወይም ዘንጉ በጥቂት በጥቂቱ ይቈረጣል። የተቈረጠ አይመለስምና መጀመሪያ ረጅም ሆኖ መሞከሩ ይሻላል። እጀታው እስከ መካከሉ የተፈለፈለ ዘመናዊ ቀስት ግትር ዘንግን ይታገሣል፤ ሙሉ እጀታ ያለው ረጅም ቀስት ግን ዞሮ የሚያልፍለት ይበልጥ የሚለመጥ ዘንግ ይፈልጋል።

እንግዲህ የፖፕን ፈተና እንደገና የሚያደርግ ተመራማሪ፥ የቤተ መዘክሩን አሮጌ ቀስቶች ሳይነካ በልካቸው አምሳያ ያሠራ። ከዚያም እያንዳንዱን ቀስት ሁለት ጊዜ ይፈትን፤ አንድ ጊዜ በሕዝቡ በራሱ ፍላጻ አምሳያ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ለዚያ ቀስት በተስተካከለ የካርቦን ፍላጻ። ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱንና የፍላጻውን ክብደት ይመዝግብ። የመጀመሪያው ፈተና ሠሪው ምን እንዳሰበ ይነግረናል፤ ሁለተኛው ቀስቱ ምን እንደሚችል ይነግረናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም የፍላጻ ሠሪውን ጥበብ ይገልጻል። ካርቦን የኢሺን ቀርከሃ አይተካም፤ ነገር ግን ቀርከሃው ለየትኛው ቀስት እንደ ተስማማ ለመለየት ያገለግላል።

በመስክ ዕቃ ለሚሰበስቡ ተማሪዎችም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። ቀስትን ያለ ፍላጻው አትመዝግቡ፤ ፍላጻንም ከየትኛው ቀስት ጋር እንደ ነበረ ሳትጽፉ በሣጥን አታኑሩ። ርዝመቱን፥ ክብደቱንና የመለመጡን መጠን ለኩ፤ ባለቤቱም ስለ ምን ያን ዘንግ መርጦ ሌላውን እንደ ጣለ ጠይቁት። ፖፕ ከኢሺ ጋር ብዙ ቀን ተቀምጠው የእጁን ሥራ በትዕግሥት ጽፈዋል፤ ያ ክፍል እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። የከሸፈው የአንዱን ሰው ፍላጻ ለሁሉ ሚዛን ያደረጉበት ክፍል ነው።