«አዘንኩ» እና «ከፋኝ»፦ ሐዘንና የአእምሮ ጤና በሦስት የቤተሰብ አኒሜሽን ፊልሞች

ለቤተሰብ ተብለው የሚሠሩ አኒሜሽን ፊልሞች ሞትን፣ ናፍቆትንና የመንፈስ ጭንቀትን በሕፃናት ፊት ማቅረብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለ እነዚህ ፊልሞች የሚቀርበው ሒስ ግን በአብዛኛው ከሥነ ልቡና የሚነሣ ነው፤ የቋንቋው ጉዳይ ለተርጓሚ የተተወ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ተቃራኒው ነው። ፊልሞቹ ስለ ሐዘን የሚሉት ነገር በስሜት ስሞች ላይ የቆመ ነው፤ አማርኛ ግን ስሜትን ከስም ይልቅ በግሥ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ፊልም በአገራችን ቋንቋዎች ምን ሊል እንደሚችል ለመመዘን መዝገበ ቃላቱን ብቻ ሳይሆን ሰዋስዉንም ማየት ያስፈልጋል።

በ2015 በፒት ዶክተር አዘጋጅነት የወጣው «ኢንሳይድ አውት» የአሥራ አንድ ዓመቷን የራይሊን አእምሮ አምስት ስሜቶች ሲመሩት ያሳያል፤ እነርሱም ደስታ፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ቁጣና መጸየፍ ናቸው። ሥነ ልቡናዊ አማካሪዎቹ ፖል ኤክማንና ዳከር ኬልትነር ነበሩ፤ አምስቱ ስሜቶች የተወሰዱትም መደነቅን ጨምሮ ስድስት ከሆነው የኤክማን ዝርዝር ነው። አና ቪዬዥቢትስካ የእንግሊዝኛን የስሜት ስሞች የሰው ልጅ ሁሉ መለኪያ አድርጎ መውሰድ ስሕተት መሆኑን ደጋግማ ጽፋለች። ይሁንና ትችቱ በስሞች ላይ ብቻ ከቀረ ግማሽ ነው። ፊልሙ ስሜቶቹን ስም ሰጥቶ ብቻ አልተዋቸውም፤ በሰሌዳ ፊት አቁሞ አዝራር የሚጫኑ አድራጊዎች አድርጓቸዋል።

በዚህ ረገድ አማርኛ ፊልሙን ቀድሞታል ማለት ይቻላል። «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ደበረኝ» ስንል ስሜቱ የደረሰበት ሰው በተሳቢ ምዕላድ ይገለጻል፤ የግሡ ባለቤት ደግሞ ስም የሌለው ሦስተኛ መደብ ነው። የከፋን ማን ነው? የጨነቀንስ? ግሡ «እርሱ» ይላል እንጂ ማን እንደ ሆነ አይናገርም። እነዚህ ግሦች በቅርጻቸው ከ«ራበኝ»፣ ከ«ጠማኝ» እና ከ«አመመኝ» ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ ማለትም ከውጭ እንደሚመጣ ነገር በሰው ላይ የሚደርሱ ናቸው። ፊልሙ ያደረገው ይህን ባዶ የባለቤት ቦታ በስምና በመልክ መሙላት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ሕፃን ይህ እንግዳ ምሥጢር አይደለም፤ ቋንቋው ሳይሰየም የተወውን ባለቤት ያሳየዋል።

ሐዘን ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። «አዘንኩ» ባለ ጊዜ ሐዘንተኛው ራሱ ባለቤት ነው፤ ግሡ ከ«ሄድኩ» እና ከ«ሠራሁ» ጎን ይቆማል። ደስታ በአንጻሩ «ደስ አለኝ» በሚለው አነጋገር እንደ ሌሎቹ በሰው ላይ ይመጣል። ክፍፍሉ ፍጹም አይደለም፤ «ፈራሁ» እና «ተናደድኩ» ባለቤት አላቸው፣ «አሳዘነኝ» የሚል አድራጊ ግሥም አለ። ሆኖም በሐዘን ዙሪያ ያለውን አነጋገር ብንሰበስብ ዝንባሌው ግልጽ ነው፦ ሐዘን ይቀመጡታል፣ ልቅሶ ይደርሱታል፣ እርም ያወጡታል። በአማርኛ ሐዘን ሰው የሚሠራው፣ ያውም ከሌሎች ጋር የሚሠራው ነገር ነው።

እዚህ ላይ የትርጉም ጥያቄ ይነሣል። የፊልሟን ሰማያዊት ገጸ ባሕርይ «ሐዘን» ብንላት አድማጩ በመጀመሪያ የሚሰማው የሞት ዜና ነው፤ «ሐዘን ላይ ናቸው» ማለት ሰው ሞቶባቸዋል ማለት ነውና። በትርጉም ልክነት ብቻ ብንመዝን «ትካዜ» ይሻላል፤ ለስለስ ያለ፣ የግልና ጸጥተኛ ነው። ነገር ግን ትካዜ የብቸኛ ሰው ነው፤ ተካዥን ሰው ሊጠይቀው አይመጣም። የፊልሙ ፍሬ ነገር ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ቢንግ ቦንግ የተባለው የራይሊ ምናባዊ ጓደኛ ጋሪውን ባጣ ጊዜ ደስታ ልታስቀው ትጣጣራለች፣ አይሳካላትም። ሐዘን ግን አጠገቡ ተቀምጣ ያጣውን ነገር እያነሣች ታዳምጠዋለች፤ አልቅሶ ሲያበቃ ተነሥቶ መሄድ ይችላል። ይህ በአገራችን ልቅሶ መድረስ የሚባለው ነው። በመጨረሻም ራይሊ ሚኒሶታ እንደ ናፈቃት ለወላጆቿ ስትናገር እነርሱም የናፈቃቸውን ይናገራሉ፤ ሐዘኑ የቤቱ ሁሉ ይሆናል። ስለዚህ «ሐዘን» የሚለው ስም ከባድ ቢሆንም ትክክለኛው ነው፤ ክብደቱም የፊልሙን ሐሳብ ይሸከማል።

የፊልሙ ትልቁ ብርታት ሐዘንን ከሕመም መለየቱ ነው። ራይሊ ከቤት ለመኮብለል በወሰነች ጊዜ ሰሌዳው ይጠቁራል፤ ቁጣም ሆነ ፍርሃት ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ያ ሐዘን አይደለም፤ ሐዘንም ቢሆን የማይደርስበት ድንዛዜ ነው። በአማርኛ ለዚህ የተሰጠው ስም «ድብርት» ሲሆን በጤና ትምህርትም ይሠራበታል። ችግሩ ከግሡ ይመጣል። «ደበረኝ» በከተማ ንግግር «ሰለቸኝ» ለማለትም ያገለግላልና ሕፃኑ «ደበረኝ» ሲል ወላጅ መሰልቸት ብቻ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። በ2024 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ጭንቀትን፣ ቅናትን፣ ኀፍረትንና መሰልቸትን የሚወክሉ አራት ስሜቶች ሲጨምር ይህ መደራረብ ይብሳል፤ የመሰልቸቷን ገጸ ባሕርይ «ድብርት» ብሎ የሚሰይም ተርጓሚ፣ በመጀመሪያው ክፍል ለጠቆረው ሰሌዳ የሚሆነውን ቃል አስቀድሞ ያባክነዋል።

የ1994ቱ «ዘ ላየን ኪንግ» የምሥራቅ አፍሪካን ቋንቋ በቀጥታ የተጠቀመ ነው። ሲምባ «አንበሳ»፣ ራፊኪ «ጓደኛ» ማለት ነው። «ሐኩና ማታታ» ደግሞ «ችግር የለም» የሚል የስዋሂሊ አነጋገር ሲሆን ዲዝኒ በ2003 በአሜሪካ ለልብስ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዝግቦታል። በፊልሙ ውስጥ ይህ አነጋገር የሚያገለግለው ሐዘንን ለመሸሽ ነው፤ አባቱ የሞተበትና ጥፋቱ የአንተ ነው የተባለ ግልገል በዚህ ቃል ይረሳል። ፊልሙ ራሱ መርሳቱን በኋላ ይተቸዋል፤ ራፊኪ ሲምባን ወደ ውኃው መልሶ የአባቱን መልክ ያሳየዋል። የሚያስቆጨው ግን የቋንቋው ድርሻ ነው። ስዋሂሊ ለሞት ሐዘን «ምሲባ»፣ ለሐዘንተኛ ማጽናኛ «ፖሌ»፣ ለሐዘን መቀመጫው ጊዜ «ማታንጋ» የሚሉ ቃላት አሉት፤ «ሁዙኒ» የሚለው ቃሉም በዐረብኛ በኩል የመጣ የአማርኛው «ሐዘን» ዘመድ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለዓለም የደረሰው መርሻው ነው።

በፊልሙ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። አንበሶቹ ለሙፋሳ ሲያዝኑ ሲምባ በቦታው የለም፤ ልቅሶው የታላላቆች ነው፣ ሕፃኑ ብቻውን በረሃ ውስጥ ነው። በእኛም ዘንድ በብዙ ቤተሰብ መርዶ ለአዋቂ በሽማግሌ አፍ ሲነገር ሕፃኑ ወደ ጎረቤት ይወሰዳል፣ ሟቹም «ሩቅ አገር ሄዷል» ይባልለታል። ሐዘንን የሚሠራ ግሥ ያለው ቋንቋ ለሕፃናቱ ግሡን ይነፍጋቸዋል። እንዲህ ሲሆን የቀረላቸው «ከፋኝ» ብቻ ነው፤ ባለቤቱ የማይታወቅ።

በ2009 የወጣው «አፕ» የካርልንና የኤሊን የትዳር ዘመን ያለ ንግግር፣ በሙዚቃ ብቻ ይተርካል። ቃል ስለሌለው ትርጉም አያስፈልገውም፤ በየትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ፊት እኩል የሚያስለቅሰውም ለዚህ ነው ይባላል። ይህ ግን እስከ ኤሊ ሞት ድረስ ብቻ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ካርል ቤቱን እንደ ሚስቱ እያናገረ ተሸክሞት ይጓዛል፤ በፍጻሜው የቤት ዕቃውን አውጥቶ ሲጥል ቤቱ እንደ ገና ይነሣል። ይህን ትዕይንት በእንግሊዝኛ የጻፈ ሐያሲ «መልቀቅ» ይለዋል። አማርኛ ይበልጥ የተጠጋ ቃል አለው፤ ካርል እርሙን አወጣ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ መልቀቅ ሟቹን መተው ሲሆን እርም ማውጣት ለሟቹ የሚገባውን መፈጸም ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ስለ ሕፃናት የአእምሮ ጤና በአካባቢ ቋንቋዎች የሚዘጋጅ ጽሑፍም ሆነ የተተረጎመ ፊልም የስሜት ስሞችን ዝርዝር በመስጠት ሥራውን ጨርሷል ሊባል አይገባም፤ «ምን ይሰማሃል?» ብሎ ስም ከመጠየቅ ይልቅ «ምን ሆንክ? ማን አስከፋህ?» የሚለው የግሥ ጥያቄ ወደ ሕፃኑ ይቀርባል። ሁለተኛው፣ በባለቤትና በተሳቢ መካከል ያለው ይህ ክፍፍል በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ እንዴት እንደሚታይ ጎን ለጎን ቢጠና፣ ሐዘንን እንደ ተግባር የሚቆጥሩ ቋንቋዎች ሐዘንን ከሕመም ለመለየት ምን ያህል እንደሚረዱ ለማወቅ ያስችላል። ፊልሞቹ ያለ ስም የቆየውን ባለቤት አሳይተዋል፤ «አዘንኩ» የሚለውን ግሥ ለሕፃናት መመለስ ግን የቋንቋው ባለቤቶች ሥራ ነው።