የት ላይ ነው የሚወድቀው?

ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ በሽታውንም መድኃኒቱንም አብሮ ይዞ ይመጣል። «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሊነሳ ሲል ለሚወድቅ ማሽን ሁሉ መጀመሪያ የሚታዘዘው ፎርማት ነው። እኔ ካቻቪቴም ሆነ ፍላሽ ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ የት ላይ ነው የሚወድቀው? ማብሪያውን እንደተጫኑ ነው? የማዘርቦርዱ አምራች ምልክት ከታየ በኋላ? የዊንዶውስ አርማ ሥር ነጠብጣቦቹ እየተሽከረከሩ ሳሉ? ወይስ የይለፍ ቃል ገብቶ ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ?

«ሲበራ ይጠፋል» የሚለው አቤቱታ እነዚህን ሁሉ በአንድ ይጠቀልላቸዋል፤ ተጠርጣሪዎቹ ግን ለየቅል ናቸው። ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው በተራ ነው የሚካሄደው። አንዱ ክፍል የራሱን ጨርሶ ለሚቀጥለው ያስረክባል እንጂ ማንም ከተራው አይቀድምም። ስክሪኑ ላይ ምልክት ከታየ ኃይሉም፣ ፕሮሰሰሩም፣ ቢያንስ የራሙ ከፊልም፣ የምስሉ መስመርም ሠርተዋል ማለት ነው። የደረሰበት ቦታ ሁሉ ከኋላው ላሉት ምስክር ነው። ይህን ምስክርነት ሳይሰማ ወደ ፎርማት የሚሮጥ ቴክኒሻን አንዳንዴ ይሳካለት ይሆናል፤ ሲሳካለትም ግን ምን እንደጠገነ አያውቅም።

ማብሪያው ሲነካ ቀድሞ የሚነቃው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል። መስመሮቹ መረጋጋታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ለማዘርቦርዱ «ኃይሉ ደኅና ነው» የሚል የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል፤ ይህም ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ምልክቱ እስኪደርስ ፕሮሰሰሩ አንዲት ትእዛዝ አይፈጽምም። መሀል ላይ ምልክቱ ከተቋረጠ ደግሞ ማሽኑ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ሰማያዊ ስክሪን እንኳ ሳያሳይ፣ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ መልእክት ሳይተው ድንገት ድርግም የሚል ማሽን ሲመጣልኝ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኃይሉ ነው።

ፓወር ሰፕላይ ሥራ ፈቶ ሳለ በቴስተር ሲለካ ያታልላል። 12 ቮልቱ 12 ሆኖ ይነበባል። የ12 ቮልት መስመር እስከ 11.4 ድረስ ቢወርድ ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በታች ግን አይቻልም፤ ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከዚህ ወለል በታች የሚሰምጠው ሸክም ሲበዛበት ነው። በመነሻዋ ቅጽበት ሃርድ ዲስኩ ከቆመበት ተነስቶ ይሽከረከራል፣ ፋኖቹ በሙሉ ኃይል ይነሳሉ፣ ፕሮሰሰሩ ከባዶ ወደ ሙሉ ሥራ ይዘላል። አንድ ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ በዚያች ጊዜ ብቻውን 2 አምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ከተነሳ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር የሚውል ማሽን ሲነሳ ብቻ ቢወድቅ የሚገርም ነገር የለውም።

አንድ ቤተሰብ ያመጣው ዴስክቶፕ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ቤቱ ሲገባ ይወድቃል። ዊንዶውሱ በሌላ ቤት ተቀይሮለት ነበር፣ ራሙም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ማሽኑን መልሼ መላላኩን ትቼ ራሴ እሄዳለሁ። የቤቱን እመቤት «እትዬ፣ መቼ መቼ ነው የሚብስበት?» አልኳቸው። «ጠዋት ጠዋት» አሉኝ። ሁልጊዜ ጠዋት መሆኑን ስጠይቃቸው አሰብ አደረጉና «እንጀራ በምጋግርበት ቀን ነው መሰለኝ» አሉ። ማድ ቤቱ ከግድግዳው ጀርባ ነው፤ ምጣዱም ኮምፒውተሩም በአንድ አሮጌ መስመር ላይ ናቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣዱን አስበርቼ ኮምፒውተሩ የሚሰካበትን ሶኬት ስለካው ወደ 170 ቮልት ወርዷል።

አዳዲሶቹ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ይቀበላሉ። የዚህኛው ግን ከኋላው ቀይ መቀየሪያ ያለው የድሮ ዓይነት ነው፤ 230 ላይ ከተደረገ ከ180 በታች ዋስትና የለውም። ምጣዱ በራሱ መስመር ላይ እንዲሆን ኤሌክትሪሺያን ተጠራ፣ ፓወር ሰፕላዩም ሰፊ ቮልቴጅ በሚቀበል ተተካ፤ በቃ። ዊንዶውሱ በከንቱ ነው የተወነጀለው። መብራት በሚዋዥቅበት አገር የሚሠራ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ የቤቱን የመብራት መስመር የማየት ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ መመለስ ሥራውን መጨረስ አይደለም።

ራም ላይ ብዙ አልቆይም። አንዱን አውጥቶ በሌላው ብቻ ማስነሳት፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያም ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስቶ ሌሊቱን ማሳደር ይበቃል። አንድ ስህተት ብቻ ቢያሳይም ራሙ ይቀየራል። አሮጌ ማዘርቦርድ ሲከፈት ደግሞ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉትን ካፓሲተሮች አናት ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ የገቡት ካፓሲተሮች የውስጥ ፈሳሻቸው ጉድለት ነበረበት፤ አናታቸው ያብጣል ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጥባሉ። የዚያ ዘመን ዴስክቶፖች ዛሬም በየቤቱ አልጠፉም።

ማሽኑ ዊንዶውስ ድረስ ደርሶ ሲወድቅ ነው ሰዉ ሁሉ ፎርማት የሚለው። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ዴስክቶፕ መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረበት ዕለት ጀምሮ የዊንዶውስ አርማ ያሳይና፣ አንድ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይልና፣ እንደገና ይጀምራል፤ ይህንኑ ሲደጋግም ይውላል። ያሳዩዋቸው ሁሉ ፎርማት ብለዋቸዋል። እሳቸው እሺ ያላሉት ለዓመታት ሲሰበስቡ የኖሩት የቤተሰባቸው የዘር ሐረግ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው። «ፋይሉን ገልብጠን እናስቀምጥልዎታለን» ተብለውም ነበር። ግን የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የተጻፈው ጽሑፍ የየራሳቸው ኮድ ባላቸው ፎንቶች ነው። ዊንዶውስ ሲጠረግ ፎንቱም አብሮ ይጠረጋል፤ ፋይሉ ተርፎ ሲከፈት የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ድርድር ይሆናል። ፎርማትን እንደ ቀላል ነገር የሚያዩ ወጣት ባልደረቦቼ ይህን ልብ ቢሉልኝ እወዳለሁ።

የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም በሆነው ባዮስ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ሰዓቱን ነው። ማሽኑ ከተሠራበት ዓመት ጃንዋሪ 1 ላይ ቆሟል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ትሰጣለች፤ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱንና፣ በብዙ ማሽኖች ላይ፣ የባዮሱን ምርጫዎች ይዛ የምታቆየው እሷ ናት። ሶኬቱ ላይ መብራት እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ስለሚደግፋት መሞቷ አይታወቅም። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠፋ ግን ምርጫዎቹ ሁሉ ጠፍተው ባዮሱ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ተመለሰ። ከምርጫዎቹ አንዱ ሃርድ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። ዊንዶውሱ ሲጫን ኤኤችሲአይ በሚባለው ነበር፤ አሁን ወደ ሬይድ ተቀይሯል። ዊንዶውስ በመነሻው የሚጭነው የሚያውቀውን ድራይቨር ብቻ ስለሆነ በአዲሱ መንገድ የገዛ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት ይወድቃል። ብልጭ የሚለው ሰማያዊ ስክሪን ኮዱም 7ቢ ነው፤ «መነሻ ዲስኩን ማግኘት አልቻልኩም» እንደማለት።

ባትሪዋን ቀይሬ፣ ምርጫውን ወደ ነበረበት መልሼ አስነሳሁት። ጋሼ ዴስክቶፑ ሲመጣ ምንም ሳይሉ የዘር ሐረጉን ከፍተው እስከ መጨረሻው ገጽ ወረዱ። ከዚያ «ልጄ፣ ሁሉም አለ» አሉኝ። ፋይሉን ከነፎንቱ በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው።

ሰማያዊው ስክሪን ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ዊንዶውስ ሲወድቅ ወዲያው እንደገና እንዲጀምር ሆኖ ስለሚመጣ ነው። ይህን ማጥፋት ይቻላል፤ በዊንዶውስ 7 ሲነሳ ኤፍ 8 በመጫን፣ በ10 እና በ11 ደግሞ መነሳቱ ደጋግሞ ሲከሽፍ በሚመጣው የጥገና ገጽ በኩል። ከዚያ የሚቀልም አለ፦ ባለቤቱ አነሳሱን በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጸው። ቪዲዮው ላይ ቆም እያደረግኩ ኮዱን አነባለሁ። ሁልጊዜ ያው ኮድ ከሆነ ድራይቨር ወይም ዲስክ እጠረጥራለሁ። በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ግን ሶፍትዌሩን ትቼ ወደ ራሙና ወደ ኃይሉ እመለሳለሁ፤ የተለያዩ ሶፍትዌሮች በየተራቸው አይበላሹምና።

ዊንዶውስ መሠረታዊ ድራይቨሮችን ብቻ ይዞ በሚነሳበት በሴፍ ሞድ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ዲስኩና የዊንዶውሱ መሠረት በአብዛኛው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በላዩ በተጨመረ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ነው። ዓለም ይህን እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 በግዙፉ አይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባሰራጨው አንድ የተሳሳተ ፋይል ምክንያት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎችም ተቸገሩ። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል መሰረዝ ነበር፤ በብዙ ቦታም አንድ ባለሙያ እያንዳንዱ ማሽን ፊት ቆሞ በእጁ ማድረግ ነበረበት። ፎርማት ማንም አላስፈለገውም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ዊንዶውሱ ከመውደቁ በፊት ያለ ልክ ከዘገየ፣ ምንም ጥገና ሳይሞከር በሊኑክስ ፍላሽ አስነስቶ የባለቤቱን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ነው። እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ የዲስክ ጥገና ፕሮግራም ማስኬድ ቀሪ ዕድሜውን ይጨርሰዋል። ዲስክ ይገዛል፤ የልጅ ፎቶና የዓመታት ጽሑፍ የትም አይሸጥም።

ከተጠገነ በኋላም ያንኑ ዕለት አላስረክብም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ፦ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የሥርዓቱን ከፊል በዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲነሳ ከዚያው ስለሚያነብ፣ ዘግቶ መክፈት ሙሉ መነሳት አይሆንም፤ ሙሉው ሪስታርት ነው። ስለዚህ ይህን አጠፋና ማሽኑን ከሶኬት ነቅዬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ እሰካና ማብሪያውን ተጭኜ ባዮሱ ላይ ያለው ሰዓት ትክክል መሆኑን አያለሁ፤ ከዚያ ዴስክቶፑ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ከመጣ ለባለቤቱ እደውልለታለሁ።