ለመወጋት የማይጠብቅ ዘንዶ

በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የተሣለውን ዘንዶ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ጦሩን ይሰብቃል፤ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ትመለከታለች፤ ዘንዶው ከፈረሱ ኮቴ ሥር ተጠምዝዞ አፉን ይከፍታል። ሥዕሉ የሚናገረው ስለ እምነት ነውና ከዘንዶው ሐሳብ አንጠብቅም፤ ድርሻው መወጋት ነው። እንዲህ ያለው ዘንዶ ከግድግዳው ወርዶ ጨዋታ ውስጥ ሲገባ ግን ያሰለቻል። ልተችበት የፈለግሁት ጉዳይም ይኸው ነው።

ጨዋታው ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ለገበያ ያበቁት ሲሆን፣ በስደት አገር ከሚያድጉት ልጆቻችን መካከልም ከጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱት አሉ። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከብበው እያንዳንዳቸው የአንድ ጀግና ሚና ይይዛሉ። አንዱ ደግሞ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን፣ መንደርተኛውንና ጭራቁን በቃሉ ሕያው ያደርጋል። የጥቃቱን ዕጣ ዳይስ ይወስናል፤ የዘንዶው ብልሃት ግን ከመሪው አእምሮ አያልፍም።

የዚህ ጨዋታ ወዳጆች በምህፃረ ቃል መቀለድ ይወዳሉ። የጀግኖቹ ቡድን አንድም ሳይተርፍ ሲያልቅ «ቲፒኬ» ይላሉ፤ የመላው ቡድን ዕልቂት ማለት ነው። የታሪኩን ዋና ባላንጣ «ቢቢኢጂ» ይሉታል፤ ሲፈታ «ታላቁ፣ መጥፎው፣ ክፉው ሰውዬ» ይሆናል። ቀልዱ ያለው መጥፎና ክፉ ጎን ለጎን በመደርደራቸው ላይ ነው፤ ክፉ ስለሆነ ብቻ ክፋት በሚሠራው የተረት ባላንጣ ላይ ያፌዛል። በዚህ ረገድ ምህፃረ ቃሉ ራሱ ሂስ ነው። ችግሩ የሚመጣው የጨዋታው መሪ ቀልዱን እንደ ባሕርይ መግለጫ ሲቀበለው ነው።

እኛ ሐኪሞችም የራሳችን የጓዳ ቋንቋ ስላለን ነገሩን ከሙያዬ አውቀዋለሁ። ሳሙኤል ሼም በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው «ዘ ሀውስ ኦቭ ጎድ» በተሰኘው ልብ ወለድ «ጎመር» የሚለው ቃል ከሆስፒታል ቅጥር ውጭ ተሰማ። «ከድንገተኛ ክፍሌ ውጣልኝ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ምህፃር ሲሆን፣ የሚነገረውም ስላረጁና በደዌ ስለተዳከሙ ሕሙማን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ተለማማጅ ሐኪም በዚህ ቢስቅ አልፈርድበትም፤ ሳቅ ድካምን ያስታግሳል። ሆኖም ቃሉ ስለ ታካሚው አንዳች አይነግረንም፤ የሚነግረን የሐኪሙን ምኞት ብቻ ነው። «ቢቢኢጂ»ም እንዲሁ ዘንዶውን ሳይሆን፣ ዘንዶውን ሊገድል የተነሣውን ሰው ይገልጣል።

የጨዋታው መጻሕፍት ራሳቸው በዚህ ረገድ ረጅም መንገድ ተጉዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍ፣ ዘንዶው ተኝቶ የመገኘት ዕድሉ በመቶኛ ተሰልቶለት ነበር፤ ይባስ ብሎም ሳይገደል ተደብድቦ ከተሸነፈ እንደ እርሻ በሬ ገበያ ወጥቶ ሊሸጥ ይችል ነበር። በ2014ቱ እትም ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ዘንዶ ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ ነው። የተራ ሰው የማሰብ ችሎታ 10 ሲሆን የእሱ 16 ነው። ይበራል፤ ይናገራል፤ እስከ 60 ጫማ የሚደርስ እሳት ይተፋል። ታዲያ ከሰው ይልቅ ብልህ የሆነ ፍጡር ክንፉን አጥፎ፣ በሰይፈኞች መካከል ቆሞ፣ ነፍሱ እስክትወጣ የሚቀጠቀጠው ስለ ምን ነው? መሪው ከመጽሐፉ ቁጥሮቹን ወስዶ ፍጡሩን ስለተወው ነው።

ዘንዶን በሚገባ መጫወት «ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል?» ብሎ ከመጠየቅ ይጀምራል። ረጅም ዕድሜ የኖረ ፍጡር ነፍሱን ይወድዳልና ሲቆስል ይሸሻል፤ ሰንብቶም ራሱ በመረጠው ሌሊት ይመለሳል። እሳቱን ከተፋ በኋላ እንደገና እስኪሞላለት ከፍ ብሎ ያንዣብባል። ነገር ግን ያከማቸውን ወርቅ ጥሎ መሄድ አይሆንለትም፤ ኩሩ ስለሆነም ውዳሴ ያታልለዋል። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ስማውግ የተባለው ዘንዶ ደረቱን በኩራት ሲያሳይ ያልተሸፈነችውን ቦታ ያጋልጣል። ከአገራችን አፈ ታሪክም፣ ሰው ይገበርለት የነበረውን ዘንዶ ንጉሥ አርዌን አንጋቦ ያሸነፈው መርዝ በበላች ፍየል እንደሆነ ይተረካል። ተራኪው ለአርዌ ሆድ ባይሰጠው ኖሮ አንጋቦም ብልሃተኛ ባልሆነ ነበር።

ብልህ ዘንዶ «ቲፒኬ»ን ያበዛል የሚሉ አሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ «ቲፒኬ» የሚናገረው ውጤትን እንጂ ምክንያትን አይደለም፤ በሞት የምስክር ወረቀት ላይ «ልቡ ቆመ» ብሎ እንደ መጻፍ ነው። የማንኛውም ሟች ልብ ቆሟል። ይልቁንስ መጠየቅ ያለበት፣ የተቃጠለው መንደርና የሸሹት እረኞች ለተጫዋቾቹ አስቀድመው ታይተዋቸው ነበር ወይ? የሚለው ነው። የሚያስብ ዘንዶ ልማድ አለው፤ ልማድም ምልክት ይተዋል፤ ምልክትም ይጠናል። ምልክት ሳይሰጥ የሚገድል ዘንዶ ግን ጥርሱ የመሪው ሥልጣን ነው።

ስለዚህ ምህፃረ ቃሉ ይቅር አልልም፤ ከሳቁ በኋላ ይፈታ እላለሁ። ከእኔ የሚቀድመው የአገራችን ትውልድ ኢሕአፓና መኢሶን በሚሉ ፊደላት ተለይቶ እርስ በርሱ ተጋድሏል። በፊደላቱ ማዶ የቆመው ወንድሙ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ ለመጠየቅ የተቀመጠ ግን ጥቂት ነበር። ልጆቻችን ለአንድ ምሽት በባላንጣቸው ራስ ውስጥ ገብተው ማሰብን ከዚያ ጠረጴዛ የሚማሩ ከሆነ፣ ጊዜያቸው በከንቱ ጠፋ አይባልም።